ለቀበሮዋ «አዎ» ያልኩ ዕለት

መንግሥት ሲቀየር አይቻለሁ። ያኔ ልጅ ብሆንም፣ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ እኛን በእጁ ዝም እያሰኘ፣ ፊቱ እየጠቆረና እየበራ ሲያዳምጥ ትዝ ይለኛል። የብር ኖት ሲቀየር አይቻለሁ። የትምህርት ፖሊሲ በላዬ ላይ ሲቀየር አይቻለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ስም ደግሞ ከመቀያየሩ ብዛት ማኅተም ቀራጩ በእኛ ገንዘብ ቤት ሠራ ይባላል። በዚህ ሁሉ አንድም ቀን እጄ አልተንቀጠቀጠም። እጄ የተንቀጠቀጠው፣ ላብ በጀርባዬ የወረደው፣ ምላሴ ከላንቃዬ የተጣበቀው አንዲት ተራ ነገር በቀየርኩ ዕለት ነው። ብሮውዘር።

ትስቁ ይሆናል። ዛሬ ሕፃን ልጅ በስልኩ ሁለት ሦስቱን እየከፈተ ይዘጋል። እኔ የማወራው ግን ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር፣ አንቴናዋን እንደ ቀንድ አቁማ መስኮት ላይ በተቀመጠች ትንሽ መሣሪያ በኩል እየተንጠባጠበ ይመጣ ስለነበረበት ዘመን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲያባራም ያለ ምክንያት ይሄዳል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ፣ ከሰው ተጣልቶ፣ ታርቆ መመለስ ይቻላል።

ብሮውዘር ምንድን ነው ለምትሉ፣ ደሴ ለመሄድ መኪና እንደ መምረጥ ነው። መንገዱ ያው ነው፤ አቧራው ያው ነው፤ አቀስታ ላይ የሚጠብቃችሁ ብርድም ያው ነው። የሚለየው መኪናውና የሾፌሩ ጠባይ ነው። እኛ ኮምፒውተር ካየንበት ቀን ጀምሮ የተሳፈርነው በአንዲት ሰማያዊ ፊደል ነበር። እሷን ስንነካ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ማለት እሷ ናት ብለን አመንን። እኔም፣ በስታትስቲክስ ዲግሪ የያዝኩት ሰውዬ፣ ኢሜይሌ የሚያድረው እሷ ሆድ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ስነካት ይከፈትልኛል። ፓስወርድ አትጠይቀኝም። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አትለኝም። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያለ ጥያቄ የምታምነኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን ከዞን የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ቫይረሱን አጽድቶ ሲያበቃ አንዲት ቀበሮ ትቶልን ሄደ። ቀይ ቀበሮ ናት። ጭራዋን ዘርግታ፣ ኳስ የመሰለች ሰማያዊ ዓለም አቅፋ ትተኛለች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ግቡ፤ አሮጌዋ አታስተማምንም» አለን፤ ምሳውን በላና በአውቶቡሱ ሄደ። እንግዲህ ለሌላ አገር ሰው ቀበሮ የምታምር አውሬ ትሆን ይሆናል። ከከተማችን ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ለሚኖር ባለ በግ ግን የግልገል ጠላት ናት። ፈረንጁ ካሜራ ይዞ ያያታል፤ እኛ ድንጋይ ይዘን እናያታለን። ይህችን አውሬ ነው እንግዲህ ዓለምን ጠቅልላ አቅፋ ኮምፒውተራችን ላይ ተኝታ ያገኘናት።

ማንም አልነካትም። በሰኞው ስብሰባ ጉዳዩ ተነሣ። የዕቅድ ባለሙያችን እጁን አውጥቶ አሮጌዋ በምን ተገምግማ እንደወረደች ጠየቀ፤ አልቀለደም። ሌላው ከዞን የመጣ ሰርኩላር አለ ወይ አለ። ሰርኩላር የለም፤ ቃል ብቻ ነው። በቃል የመጣ ነገር ደግሞ ነገ ሲጣራ፣ ማን አለ፣ ማን ሰማ ተብሎ ሰው ያስበላል። ስለዚህ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ በአሮጌዋ እንድንቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። እኔ እጄን ያላወጣሁበት ውሳኔ የለም። «የምትደግፉ» ሲባል እጄ እኔን ሳያማክር ይነሣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ስለ አቶ አራጋው ልንገራችሁ። ነገሬ ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ተናግሬው ባላውቅም ልሞክር።

አራጋውና እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን እየተነካካ የምንሠራ ባልደረቦች ነበርን። አንድ ሻይ ለሁለት የጠጣንበት ወር መጨረሻ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ለመሥሪያ ቤታችን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ዕድል መጣ፤ ለአንድ ሰው። ተወዳደርን። ዓርብ ከሰዓት ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ አንደኛ ይመር ይላል፤ ይመር ማለት እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሑድን ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ስገባ የዓርቡ ወረቀት ተነሥቶ ሌላ ተለጥፏል። በዚህኛው ላይ «አመለካከት» የሚባል አዲስ ነጥብ አለበት። በፈተናው አንደኛ የወጣሁት ሰው በአመለካከት ወደቅሁ። አመለካከቴን በምን ሚዛን እንደመዘኑት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አራጋው ሄደ። ተምሮ ሲመለስ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። እዚህ ወረቀት ላይ እሱ እለዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን እርስዎ ነው የምለው። ሰው በየቀኑ ይህን ሲያደርግ መንጋጋው ምን ያህል እንደሚደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያኔ አቤቱታዬን ይዤ ደሴ ድረስ ሄጄ ነበር። የዞኑ ሰውዬ ሳያየኝ በኢሜይል ላክልን አለኝ። ኢሜይል የለኝም። ከዚያው አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ እንደተናደድኩ፣ እንደራበኝ፣ አንድ ኢሜይል ከፈትኩ። ማሽኑ ሲከፍትልኝ የማያልቅ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም በዚያው ንዴት መለስኩለትና አቤቱታዬን ላክሁ። መልስ አልመጣም። ኢሜይሉ ግን ቀረ። መካነ ሰላም ተመልሼ አንድ ጊዜ በሰማያዊዋ ከፈትኩት፤ እሷም ከዚያ ወዲያ ምንም ሳትጠይቀኝ ስትከፍትልኝ ኖረች። ፓስወርዱን እኔ ረሳሁት። የረሳሁት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

ይህ በሆነ በስንት ዘመኑ፣ በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ጣሪያችንን መደብደብ ሲጀምር፣ ከውጭ አገር አንድ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ አገኘሁ። ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ አመልክቼ፣ ማንም አመለካከቴን ሳይመዝን። የቀረኝ ወደ ኢሜይሌ የላኩልኝን መልእክት ከፍቼ «ማመልከቻዬ የእኔ ነው» ብዬ ማረጋገጥ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቀን ደርሷል፤ ማታ ይዘጋል። የዕድሜ ገደብ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ከገደቡ ጫፍ ላይ ነኝ። ዘንድሮ ካመለጠኝ ለዘላለም ያመልጠኛል። በማግሥቱ ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ነው። ግምገማ ማለት፣ ላልደረሰበት ሰው፣ ተሰብስበን እያንዳንዳችን እየተነሣን የምንታማበት፣ ራሳችንንም የምናማበት፣ በመጨረሻ «ሀ» ወይም «ለ» ወይም «ሐ» ተብለን የምንወጣበት ጉባኤ ነው። ኃላፊውን ሳያስፈቅድ የውጭ ትምህርት ሲፈልግ የተገኘ ሠራተኛ ከነገው ግምገማ ምን ይዞ እንደሚወጣ መገመት ስታትስቲክስ አይጠይቅም። «ሐ» ያገኘ ደግሞ ወንበሩ ላይ ስለመሰንበቱ እርግጠኛ አይደለም።

ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። የተቀመጠውም አቶ አራጋው ቢሮ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ መስተዋት ወደ እሱ ወንበር ይዞራል። ለግልጽነት ሲባል።

የዚያን ዕለት ግን አራጋው ለመስክ ወጥቷል። ሲነጋ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሄዷል፤ እስከ ማታ አይመለስም ተባለ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘምዘም በሩን ከፍታልኝ ከበሩ ማዶ ወዳለው ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ዘምዘም የመሥሪያ ቤቱን ነገር ሁሉ የምታውቅ፣ ምንም እንደማታውቅ የምትኖር ሴት ናት። ፊቴን አይታ «ምነው አንተ ይመር፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ። ሪፖርት አለብኝ አልኳት። «አብሽር፣ ሪፖርት ገድሎ አያውቅም» አለችኝ።

ሰማያዊዋን ከፈትኩ። ኢሜይሌ ተከፈተ፤ መልእክቱም ተከፈተ፤ የላኩልኝን ስነካ ግን ገጹ እንደ ተበጠበጠ ገበያ ተደበላልቆ መጣ። ጽሑፉ በጽሑፍ ላይ ወጥቷል፤ የማረጋገጫው ቁልፍ የለም። ከላይ በቀይ ቀለም ብሮውዘርህ አርጅቷል፣ በሌላ ና ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩ። እንቢ አለ። ከታች በኩል ቀበሮዋ ዓለሟን አቅፋ ትጠብቀኛለች።

ከቀበሮዋ በፊት ግን አንድ ነገር ፈራሁ። በሰማያዊዋ በኩል የሄድኩባቸው ገጾች ሁሉ፣ የትምህርት ዕድሉ ሁሉ፣ እዚያው ተዘርዝረው ይቀመጣሉ። አራጋው ነገ ቢከፍታትስ? እንግዲህ ልወጣ ነው፤ ዱካዬን ላጥፋ አልኩ። የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ማሽኑ ጠየቀኝ፤ የተጎበኙት ገጾች ይጥፉ? አዎ። የተቀመጡት ቅጂዎች ይጥፉ? አዎ። የተሞሉት ቅጾች ይጥፉ? አዎ። ፓስወርዶቹስ? የተነሣ እጅ መሀል ላይ አይወርድም። በሙሉ ድምፅ አዎ አልኩ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ሁሉንም ጠረገልኝ። ንጹሕ ሰው ሆንኩ።

ከዚያ ቀበሮዋን ነካኋት። ስትከፈት መጀመሪያ ያደረገችው መጠየቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዋናዋ ልሁን? አዎ። ከአሮጌዋ ቤት ዕቃ ላምጣልህ? አዎ። ሄደች፤ ባዶ ቤት አግኝታ ምንም ሳትይዝ ተመለሰች። እኔ አልገባኝም። በጣም ፈጣን ናት ብዬ ደስ አለኝ። ኢሜይሌ የሚገኝበትን አድራሻ ጻፍኩ። አንድ ነጭ ገጽ መጣ፤ ስምህ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ፓስወርድህ ይላል።

የምን ፓስወርድ?

ወገኖቼ፣ ወደ ሰማያዊዋ ሮጬ ተመለስኩ። ያቺ ስንት ዘመን ያለ ጥያቄ ያሳለፈችኝ ወዳጄ እንደማታውቀኝ ሆና ፓስወርድህ አለችኝ። በገዛ እጄ አእምሮዋን አጥቤዋለሁ። ስሜን ሞከርኩ፤ አይደለም። የተወለድኩበትን ዓመት ሞከርኩ፤ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ያመጣሁትን ውጤት ሞከርኩ፤ እሱ እንኳ አይደለም። ቀበሮዋ ዘንድ ተመልሼ «ፓስወርድህን ረሳህ?» የምትለውን መስመር አየሁ። አዎ።

አዲስ ገጽ መከፈት ጀመረ። እንደ ልማዱ ከላይ ወደ ታች፣ በቀጭን በቀጭኑ እየወረደ። የላይኛው ክፍል የሚስጥር ጥያቄህን መልስ ይላል። የምን ጥያቄ እንደሆነ እስኪወርድ እየጠበቅሁ ሳለ ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዘምዘም ከወንበሯ ስትነሣ ሰማሁ። ቀጥሎ የተሰማው «ምን መንገድ አለ፣ ጭቃው መኪናውን ሊውጠው ነበር» የሚል የአቶ አራጋው ድምፅ ነው።

ገባ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። «ይመር፣ እዚህ ነህ?» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ብድግ ብዬ እንኳን ደህና መጡ አልኩ፤ በቆምኩበትም በጀርባዬ ኮምፒውተሩን ለመከለል ሞከርኩ። እኔ ቀጭን ሰው ነኝ፤ ብዙ አልሸፍንም። ልዝጋው ብዬ ጎንበስ ስል ጥያቄው ወርዶ አልቋል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ደሴ ላይ፣ በዚያ የንዴት ቀን፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሁሉ ንቄ፣ የእናቴን ስም ማንም ያውቃል ብዬ፣ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት የራሴ ጥያቄ፦

«ቦታህን የቀማህ ሰው ማን ነው?»

የመዝጊያውን ምልክት ነካሁት። ማሽኑ ደርቋል። ደጋግሜ ነካሁት። ደርቋል። መካነ ሰላም ላይ መብራት የማይጠፋበት ቀን አይቼ አላውቅም ነበር፤ በልቤ አምላኬን አሁን አጥፋው ብዬ ለመንኩት። አምፖሉ ከወትሮው ደምቆ በራ። የሶኬቱን ገመድ በእግሬ ፈለግሁ፤ ካልሲዬ ከጠረጴዛው ሚስማር ጋር ተያያዘ። እንዲህ ታስሬ ሳለሁ አራጋው መነጽሩን አውጥቶ ጠረገ።

«ምንድን ነው እሱ? ሪፖርቱ ነው?»

«ነው ጌታዬ… ማለቴ ወደ ሪፖርቱ መግቢያ ነው» አልኩ። ጌታዬ ብዬው አላውቅም ነበር። ፍርሃት የሰውን አፍ ምን ያህል እንደሚያዋርድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ተነሥቶ መጣ። ከኋላዬ ቆሞ፣ የሩብ ዓመት ክንውን በሚያነብበት በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቃል በቃል አነበበው። ቦታህን። የቀማህ። ሰው። ማን ነው። ከበሩ ማዶ የዘምዘም ኪቦርድ ቆመ።

«ይሄ የመንግሥት ጥያቄ ነው?» አለ።

የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ፓስወርድ ሲጠፋ ባለቤቱን የሚለዩበት መሆኑን፣ ያለ እሱ ኢሜይሌ እንደማይከፈት፣ ሁሉንም ሳልጠየቅ ዘከዘክሁ። «መልሱ ማን ነው ታዲያ?» አለኝ። ረስቼዋለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ውሸት በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ተዋሽቶ አያውቅም። ዘምዘም ከበሩ ማዶ፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ «ወላሂ እኔስ ሳላየው አውቄው ነበር» አለች። አራጋው ዞር ሳይል «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላት።

ከዚያ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ከፋው። በውነት ከፋው። «ስማ ይመር» አለኝ፤ «ግምገማ በመጣ ቁጥር ሂስ ያለህ ብዬ አልጠየቅሁህም? ቆመህ ምን ነበር የምትለኝ?» ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ከሚስማሩ ማላቀቅ ጀመርኩ። «ንገረኝ እንጂ።» ጠንካራ ጎንዎ ይበዛል ነው የምለው አልኩት። «ለእኔ ጠንካራ ጎንህ ይበዛል እያልክ፣ ሂሱን ለባሕር ማዶ ማሽን ነገርከው? ይሄ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው?» በመርህ ደረጃ ትክክል አይደለም አልኩ። ምን እላለሁ?

ወንበሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። ያቺን በየቀኑ የሚተይብባትን አንዲት ረጅም ጣቱን አወጣ። አንድ ፊደል ፈልጎ ይመታል፤ ቆም ይላል፤ ሌላውን ፈልጎ ይመታል። ሲጨርስ የራሱ ስም ከጥያቄው ሥር ተጽፎ ተቀምጧል። «እስቲ እንዲህ ሞክራት» አለኝ።

አስገባሁት። ገጹ ነጭ ሆነ፤ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆየና ትክክል ነው፣ አዲስ ፓስወርድ አውጣ አለኝ። ሰውዬው እኔ መሆኔ የታወቀው በእሱ ስም ነው። ጣቶቼ እየተጋጩ አንድ ፓስወርድ ጻፍኩ። ኢሜይሌ ተከፈተ። ያን ጊዜ ቀበሮዋ ከላይ በኩል ብቅ ብላ ይህን ላስታውስልህ? ብላ ጠየቀች። አራጋው አንብቦ ሳቅ አለና «አያስፈልግም በላት፤ ይመር አይረሳም» አለ። እሱ ይህን ሲል ግን የእኔ ጣት፣ የለመደው ነውና፣ «አዎ»ን ነክቶ ጨርሷል።

ማመልከቻዬን እዚያው፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ እያየ፣ አረጋገጥኩ። መዝጋት አልቻልኩም፤ መደበቅ አልቻልኩም፤ ቀኑም የመጨረሻው ነው። «ትምህርት ነው?» አለኝ። ትምህርት ነው አልኩት። «ጥሩ ነው» አለኝ። ከኃላፊ አፍ «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ሰምቶ የተኛ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

እኔ አልተኛሁም። በማግሥቱ አዳራሽ ስገባ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ዘምዘም ትናንት ሻይ ጠጥታለች ማለት ነው። ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። የዕቅድ ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው፣ ራሱን ነቀነቀልኝ። ተራዬ ደረሰና ቆምኩ። ኪራይ ሰብሳቢ የሚለውን ቃል፣ ቂመኛ የሚለውን ቃል፣ ሁሉንም በየተራ ጠበቅሁ። አቶ አራጋው ጉሮሮውን ጠረገና «ባልደረባችን ይመር» አለ፣ «ዘንድሮ ሂሱን በግልጽ ያቀረበ ብቸኛው ሠራተኛ ነው። በጽሑፍ ነው ያቀረበው፤ እኔም ስሜን ጽፌ ተቀብያለሁ። ሥራውም የሚተካ አይደለም። ‹ሀ› እንዲሰጠው ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉ?»

እጅ ሁሉ ወጣ። ቀና ስል የእኔም እጅ ወጥቷል።

ዘምዘም ስንወጣ በጎኔ አልፋ «አላልኩህም? አብሽር ብዬህ ነበር» አለችኝ። ያን ሳምንት የተኛሁትን እንቅልፍ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ወዲህ ተኝቼው አላውቅም። ሰውን ለካ በከንቱ ጠልቼዋለሁ እስከማለት ደርሼ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሻይ እንኳ ልጋብዘው አስቤ ነበር።

ክረምቱ ገፍቶ፣ ጭጋጉ ከተማዋን እንደ ጋቢ በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አቶ አራጋው ከሩቅ እጁን ዘርግቶ መጣ። ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ይመር፣ ተቀብለውሃል» አለኝ። ማን? አልኩ። «እነዚያ የባሕር ማዶዎቹ። ሌሊት ነው የላኩት። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው።» ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። «ቀበሮዋ ናታ» አለኝ፤ «ስነካት በአንተ ስም ትከፈታለች። ማን ነህ እንኳ አትልም።» እጄን ልስብ ሞከርኩ። እሱ ግን እጄን አልለቀቀም። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ካልሰጠ ቦታው ለተጠባባቂው እንደሚያልፍ እነሱው መጻፋቸውን ነገረኝ። ፈቃዱን ስጠይቀው በእኔ ፋንታ እሱ አዘነ። «እንዴት አድርጌ ልልቀቅህ? የማይተካ ሠራተኛ ነህ ብለን በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል እኮ። አንተም እጅህን አውጥተሃል፤ አይቼሃለሁ።»

ያኔውኑ ወደ ጥጉ ኮምፒውተር ሄጄ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ እያየኝ፣ ቀበሮዋን ከፈትኩ። ፓስወርዴን ቀየርኩ። ላስታውስልህ? አለች። ጣቴን በሌላው እጄ ይዤ «አይ» ላይ አሳረፍኩት፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ አይ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥሎ የሚስጥር ጥያቄህንም ብትቀይር መልካም ነው አለኝ ማሽኑ። እውነቱን ነው፤ አሮጌውን አገሩ ሁሉ አውቆታል። ትንሽ አሰብኩና በአሮጌው ቦታ «ሁለተኛውንስ ቦታህን ማን ቀማህ?» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱን መቀየር አላስፈለገኝም።